መጨረሻው ለታመመ ነው

አባቴ የሞተው ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ልጅ ሳለሁ ጤነኛ መሆኔን እጠላው ነበር። ሰፈር ውስጥ ልጅ ሲታመም ሌላው ያዝናል፤ እኔ እቀናለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ እሷ ስታስነጥስ ልቤ የሚደነግጥ ሰው ሆኜ ሳለ ያንን የልጅነት ቅናቴን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን እውነት ነው።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ቤታችን ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲኬድ ገባ ብሎ ነው። ከሁለቱ ክፍሎቻችን አንደኛውን በመጋረጃ ከፍሎ እዚያ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ሲለው «ድሬሰር ነኝ» ብሎ ያርማል። ሰውየው በማግስቱ ሲመጣ ያው «ዶክተር» ይለዋል፤ አባቴም ያው ያርመዋል። ማንም አልተሸነፈም።

ያኔ የፕላስቲክ መርፌ በየመድኃኒት ቤቱ ነበር፤ አባቴ ግን የመስታወት ስሪንጁን አልተወም። የከሰል ምድጃ ላይ ትንሽዬ የብረት ሣጥን ጥዶ ስሪንጁንም መርፌውንም ይቀቅላል። በሽተኛ የሚበዛው ሰው ከሥራ ሲገባ፣ አመሻሽ ላይ ነው። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ፋኖሱ ሁልጊዜ ጋዝ ተሞልቶ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። የከሰሉ ጢስ ከአልኮሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመጋረጃው ሥር ወደኛ ክፍል ይገባል፤ ዛሬም የትም ቦታ ከሰል ሲቀጣጠል ከሸተተኝ አንድ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ውኃው እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ በደንብ እስኪቀቀል ጊዜ ይወስዳል። የሚወጋው ልጅ ከሆነ ያን ጊዜ ሁሉ ምድጃውን እያየ ይንቀጠቀጣል። አባቴ እንዳይፈራ ብሎ ተረት ይነግረዋል።

ተረት ይለው የነበረው የሐኪሞችን ታሪክ ነው። ግማሹን የሰማው የድሬሰርነት ትምህርት ሲማር ካስተማረው ህንዳዊ ነው። ግማሹን ደግሞ ወሎ ውስጥ በቀንድ ደም እየመጠጡ ሰው ያክሙ ከነበሩት አያቱ። የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ግብፅ ይጀምርና ህንድ ይገባል፤ ከህንድ ደሴ ለመድረስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የጥንት ግብፆች ቁስል ላይ ማር ይቀቡ እንደነበር ከሱ ነው የሰማሁት። ፈንጣጣ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቻይናዎቹ ከበሽተኛው ገላ የረገፈውን ቅርፊት ፈጭተው ጤነኛው አፍንጫ ውስጥ ይነፉታል፤ ቱርክ አገር አሮጊቶች በመርፌ ጫፍ ክንድ ይጭራሉ፤ እኛም ጋ ሽማግሌዎች በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ወስደው ልጆቻቸውን ይከትባሉ። «አይተዋወቁም» ይላል አባቴ፣ ከሰሉን በመቆንጠጫ እያገላበጠ። «አንዱ የሌላውን አገር ስም እንኳ አያውቅም። ግን አንድ ነገር አሰቡ።»

ዘዴው ይህ ነበር፦ ተረቱ ጣፋጩ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ልጁ «ከዚያስ?» ብሎ አፉን ሲከፍት መርፌው ገብቷል። ጩኸቱ ይቀልጣል። ከዚያ አባቴ ጎንበስ ይልና መጨረሻውን በልጁ ጆሮ ሹክ ይለዋል። ልጁ ለመስማት ሲል ለቅሶውን ያቆማል።

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ደብተሬን ዘርግቼ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አዳምጣለሁ። ተረቶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። መጨረሻቸውን ግን አንዱንም አላውቅም።

«አባ፣ ከዚያ ሐኪሙ ምን አደረገ?»

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«አልሐምዱሊላህ በላ። መጨረሻው ለታመመ ነው።»

ይህን የሚለኝ እየሳቀ ነው። ለሱ ቀልድ ነበር። እኔ ግን እበሳጫለሁ።

አንዱን ተረት በተለይ አልረሳውም። ህንድ ውስጥ አንድ ሐኪም ዘንድ ሆዱ በጦር የተቀደደ ወታደር ያመጣሉ። ክር የለም፤ ቢኖርም የውስጡን ሥጋ በክር መስፋት አይሆንም። ሐኪሙ ተማሪዎቹን «ሂዱና ትልልቅ ጥቁር ጉንዳን ለቅማችሁ አምጡ» ይላቸዋል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ጉንዳኑ ይመጣል። ሐኪሙ አንዱን ጉንዳን በወገቡ ይዞ ወደ ቁስሉ አስጠጋና… ጩኸት። በጉንዳኑ ምን አደረገበት? ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። በመጨረሻ ጉልበቴ ላይ የነበረ ቁስል ቅርፊቱን አነሳሁና ከአጥር ሥር ጉንዳን ለቅሜ ደፋሁበት። የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል። እናቴ ሱሪዬን አውልቃ እየደበደበችኝ ጉንዳን ታራግፋለች፣ እያራገፈች ትደበድበኛለች። አባቴ ቤት አልነበረም። ቢኖር እንኳ ጉንዳን የበላው ልጅ በሱ ዘንድ መርፌ የሚያስፈልገው በሽተኛ አይደለም።

ከሁሉም አብልጬ የምቀናው በራሔል ነበር። ራሔል የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እኩያዬ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ ሳትታከም በመቆየቷ በሽታው ልቧን ነክቷት ነበር። ሐኪም ቤት የወር መርፌ አዘውላት፣ አባቴ በየወሩ ይወጋታል። ያ መርፌ ወፍራም ነው፤ ትልልቅ ሰዎች እንኳ ያስለቅሳል። ራሔል አታለቅስም። ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን ታያለች። አባቴ «የኔ ጀግና» ይላታል። እኔን አንድ ቀን «ጀግና» ብሎኝ አያውቅም፤ ጀግና የሚያሰኝ ነገር አልደረሰብኝማ።

እሷ በየወሩ ስለምትመጣ የሷ ተረት ረጅም ነበር፤ ባለፈው ወር ከቆመበት ይቀጥላል። አውሮፓ ውስጥ፣ እናቶች በሚወልዱበት ቤት፣ ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ውለው በዚያው እጃቸው ያዋልዳሉ። እናቶቹ በትኩሳት ያልቃሉ። አንድ ወጣት ሐኪም «እጃችሁን ታጠቡ» ይላቸዋል። ታላላቆቹ ይቆጣሉ፦ የኛን እጅ ነው ቆሻሻ የምትል? በአንዱ ወር ተረት ሐኪሙ ይሰደባል፣ በሌላው ከሥራ ይባረራል። ወሬው እዚህ ሲደርስ እኔ ደብተሬን ረስቼ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌያለሁ። ሰሙት ወይስ አልሰሙትም? ራሔል አትጮህም፣ ስለዚህ ሹክሹክታው ራሱ ይሰማኛል፤ ቃላቱ ግን አይለዩም።

አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኳት።

«ምን አለሽ?»

«ማ?»

«አባቴ። ሐኪሞቹ ታጠቡ አልታጠቡም?»

የተወጋችበትን ጎን በአንድ እጇ ይዛ አየችኝ። «የተወጋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከፈለግህ አንተም ተወግተህ ስማ።»

እኔም ለመወጋት ቆረጥኩ።

ትኩሳት ማስመሰል ከአባቴ ጋር አይሆንም፤ እጁን ግንባሬ ላይ ካደረገ አለቀ። ከቤታችን ጀርባ ጋራዥ አለ፤ የጋራዡ ዘበኛ ቡቺ የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነበረው። ውሻ የነከሰው ልጅ ሆዱ ላይ ለብዙ ቀናት በየቀኑ እንደሚወጋ አውቃለሁ። ለብዙ ቀናት፣ በየቀኑ፣ አንድ ተረት ከነመጨረሻው! ያኔ ሂሳቡ እንዲህ ነበር የታየኝ። የአጥሩ ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ባቴን ሁለት ጊዜ ፈተግኩ፤ ደሙ ሲወርድ እየጮህኩ ቤት ገባሁ።

«ቡቺ ነከሰኝ!»

አባቴ ፋኖሱን አወረደ። መብራት ጠፍቶ ይሁን ፋኖሱን ለምዶት አላስታውስም። ባቴን ተመለከተና እግሬን ሳፋ ውስጥ አስገብቶ በሳሙና ያጥብ ጀመር። አጠበ፣ አጠበ፣ እንደገና አጠበ። ሳሙናው ከእጁ እየሾለከ ሳፋው ውስጥ ይወድቃል፤ ያወጣዋል፣ ይወድቃል። ሰላሳ ዓመት ቁስል ያየ ሰው የቆርቆሮ ጭረትን ከውሻ ጥርስ መለየት አቃተው። የሌላ ሰው ልጅ ብሆን በአንድ እይታ ይለየው ነበር።

ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄደ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ኧረ ጋሽ ሰይድ! ይሄ እኮ አጥንት ራሱ ረጥቦ ካልተሰጠው አይበላም! በምኑ ይነክሳል?»

«ይታሰር አልኩህ። አሥር ቀን ይታያል። ውኃ መጠጣት ሲያቆም፣ ለሃጩ ሲዝረበረብ ካየህ ሮጠህ ንገረኝ።»

በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ከተማውን አቋርጦ መድኃኒቱን አመጣ። ማታውን ምድጃው ተያያዘ፣ ሣጥኑ ተጣደ። በመጨረሻ መጋረጃውን ገልጬ በዚያኛው ወገን፣ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፍሙ ፊቴን ሲሞቀኝ ትዝ ይለኛል። ጠበቅኩ። ውኃው ፈላ። አባቴ ዝም አለ።

«አባ፣ ተረቱስ?»

«እሺ» አለ። ከሰሉን አገላበጠ። «በድሮ ጊዜ አንድ…» አለና ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ሸሚዜን ገለጠና ወጋኝ። አመመኝ። ጮህኩ። ጎንበስ ይላል ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። ጥጡን ሆዴ ላይ ይዞ ግድግዳውን ያያል።

ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑ ሲንተከተክ አላስቻለኝም።

«ለራሔል ብቻ ነው የምትነግራት!» አልኩ። «ለሁሉም ትነግራለህ፤ ለኔ ሲሆን ዝም! ውሸቴን ነው ደግሞ። ቡቺ አልነከሰኝም። ቆርቆሮ ነው።»

ዱላ ጠበቅኩ። አባቴ ስሪንጁን አስቀመጠና መሬት ላይ፣ ከወንበሬ ሥር ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቅ ያልቅስ ማወቅ አልቻልኩም። ቆይቶ ተነሳና ውሻውን ሊያስፈታ ወጣ። ሲመለስ ምድጃው ላይ ውኃ ደፋበት። ክፍሉ በነጭ ጢስ ተሞላ። ስለዚያ ነገር ከኔ ጋር ዳግመኛ አላወራም። እኔም ተረት ጠይቄው አላውቅም። አደግኩ፤ አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ሥራ ያዝኩ፤ አገባሁ። አባቴ አርጅቶ ክፍሏን ከዘጋ በኋላም እንኳ አንድ በሽተኛ ነበረው። ራሔል በየወሩ ትመጣለች። በሩ ይዘጋል። የሁለቱ ድምፅ ይሰማል። እኔ ሰላሳ ዓመቴን አልፌ፣ ልጄን ታቅፌ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ እቀናለሁ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አባቴ ያልወጋው የሰፈር ሰው የለም፤ ሁሉም የራሱን ተረት ይዞ መጥቷል። ከማል የሚባል የሚኒባስ ሹፌር፣ ድሮ ከታች ሰፈር የነበረ፣ ሻዩን እያማሰለ የጉንዳኑን ተረት ጀመረ። ጆሮዬ ቆመ።

«ጉንዳኑ የቁስሉን ሁለት ጠርዝ ገጥሞ ንክስ ሲያደርግ» አለ ከማል፣ በሁለት ጣቱ እያሳየ፣ «ሐኪሙ ወገቡ ላይ በመቀስ ቁርጥ! ጭንቅላቱ እንደ ስፌት እዚያው ይቀራል። ሌላ ጉንዳን፣ ንክስ፣ ቁርጥ! ወታደሩ ድኖ አገሩ ገባ። ጋሽ ሰይድ ምን አለኝ መሰላችሁ? አንተስ ጉንዳን ይሻልሃል መርፌ?»

ሰዎቹ ሳቁ። እናቴ እንኳ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሃያ ዓመት ያለፈው ጥያቄዬ እንዲህ በሻይ መሀል ተመለሰ። የአባቴን ሬሳ ተሸክሜ፣ አፈር አልብሼ፣ ከማል በሚባል ሹፌር ቀናሁ።

ወጥቼ የድንኳኑ ገመድ አጠገብ ቆምኩ። ራሔል ተከትላኝ ወጣች። አሁን ኦሎምፒያ አካባቢ ሱቅ አላት፤ የሁለት ልጆች እናት ናት።

«ምን ያስኮርፍሃል?» አለች።

«ምንም።»

«ፊትህ ድሮ በር ላይ ስትጠብቀኝ የነበረውን ይመስላል።» የድንኳኑን ገመድ ያዘች። «የቡቺ ጊዜ የሆነውን ነግሮኛል። ታውቃለህ?»

«የምኑን?»

«በሚቀጥለው ወር ስመጣ። አንድ ድሬሰር ነበር፣ ብሎ ጀመረልኝ። እንደ ተረት አድርጎ።»

የኔንም ተረት ለሷ ሰጣት ማለት ነው። የደሜን፣ የውሸቴን። አዳመጥኳት።

ድሬሰሩ ወጣት ሳለ ወሎ ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ አባት እብድ ውሻ የነከሰው ልጁን በበቅሎ ጭኖ አመጣለት። ዘግይቷል። ልጁ ውኃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ በሽታው አንዴ ከያዘ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ድሬሰሩ በእጁ ምንም አልነበረውም። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጦ ከመምህሩ የሰማውን ሁሉ ይነግረው ጀመር። ስለ ግብፆች፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ህንዱ ሐኪም። ልጁ እስኪያልፍ ድረስ ነገረው። ልጆች ሲወጉ ተረት መንገር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዓመታት አለፉና ድሬሰሩ ራሱ ወለደ። አንድ ቀን ልጁ «ውሻ ነከሰኝ» ብሎ መጣ። ተረቱን ልጀምር ሲል ያ የወሎው ልጅ ፊቱ ድቅን አለበት። ከጀመርኩ ይሞትብኛል ብሎ ፈራ።

ራሔል ይህን ስትናገር ድምፅዋ እንደ አባቴ ዝቅ ይል ነበር፤ እሱንም ከሱ ወስዳዋለች።

ልጄ ባለፈው ዓመት ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ሳድር ሚስቴ «አንድ ነገር በላት እንጂ» ስትለኝ አንዲት ቃል አልወጣኝም ነበር። ስለዚህ አባቴ ገባኝ። መግባቱ ግን ቅናቱን አላጠፋውም። ለሷ መናገር ችሏል። ለኔ አልቻለም። እኔ የምፈልገው ለሷ የቻለውን ነበር።

«መጨረሻም አለው» አለች ራሔል። «ልጁ ውሸቴን ነው ያለው ቀን ድሬሰሩ…»

የዚያን ጊዜ አየኋት። ከድንኳኑ ወጥታ እኔ ጋ እስክትደርስ ብቻ ትንፋሿ አጥሮ ነበር፤ አሁንም በየቃሉ መሀል አየር ትስባለች።

«ቆይ» አልኳት። «አባቴ ታሞ ከተኛ ወዲህ መርፌሽን ማን ወጋሽ?»

መሬት መሬት አየች። «ሁለት ወር አልፎኛል።»

«ለምን?»

«ጤና ጣቢያ ወረፋ ነው። ደግሞ የሌላ ሰው እጅ… ትልቅ ሰው መሆኔን አውቃለሁ፤ እንዳትስቅ።»

«አልሳቅኩም።»

«እሄዳለሁ እሺ። አሁን መጨረሻውን ስማ። ድሬሰሩ…»

«እንዳትነግሪኝ!»

እኔም በድምፄ ደነገጥኩ። ከድንኳኑ ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ስልክ ውስጥ ብፈልግ የእጅ መታጠቡን ታሪክ በደቂቃ አነብበው ነበር፤ አንድም ቀን አልፈለግኩም። የምፈልገው አባቴ በሷ ጆሮ ያለውን ነው። ያ ደግሞ አሁን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

«ቅዳሜ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አልኳት። «ወረፋውን እኔ እይዛለሁ። ተወግተሽ ስትወጪ የኔን ትነግሪኛለሽ። ሐኪሞቹ እጃቸውን ይታጠቡ አይታጠቡ ደግሞ በሚቀጥለው ወር።»

ትኩር ብላ አየችኝና በረጅሙ ሳቀች። «አንተ ምቀኛ! ስንት መጨረሻ እንዳለኝ ታውቃለህ? ከልጅነታችን ጀምሮ በየወሩ ቁጠረዋ!»

«ጥሩ» አልኩ። «አንድ በአንድ ነው የምቀበልሽ።»

ኢምፔሪያል ድረስ ሸኘኋትና ታክሲ አሳፈርኳት። ስመለስ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ልጄ እናቴ ጭን ላይ ተኝታለች። አንስቼ አልጋዋ ላይ አስተኛኋትና ስልኬን አውጥቼ ከቀን መቁጠሪያው ቅዳሜ ጠዋት ላይ «ራሔል» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ይደገም ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «በየወሩ» የሚለውን ነካሁ። እስከ መቼ ለሚለው ምንም አልሞላሁም።